አሥራ ሦስተኛው ጨርቅ

ዶንኮር አምፖንሳ ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ደሙ በጠረጴዛው ጫፍ ወርዶ ወለሉ ላይ ደርቋል። የድምፅ መቅጃው እጁ ሥር ነበረ። ከበላዩ ደግሞ ቲቸር ኛርኮ መዳፋቸው ደም ነክቶት ቆመዋል። ጎረቤት ጮኸ፣ ፖሊስ መጣ፣ ሽማግሌውን ወስዶ ቆለፈባቸው። ለባንታማ ሰፈር ነገሩ እዚያው አለቀለት።

ኢንስፔክተር ሴርዋ ግን ያለቀ ነገር ቶሎ የማይዋጥላት ሴት ናት። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጭር፣ ትዕግሥቷም ከቁመቷ የማይበልጥ። ሰው ቤት ስትገባ ከፊት በፊት ወለል ታያለች፤ ፊት ይዋሻል፣ ወለል ግን ማን እንደጠረገው ይናገራል ብላ ታምናለች።

ሰፈሩ ኛርኮን የጠረጠረበት ምክንያት ነበረው። የኩማሲ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማሜ ቶአን በሬዲዮ ስትሰማ ኖራለች። ማሜ ቶአ አንካሳ ዓሣ ሻጭ ናት፤ የሰው ሁሉ እናት፣ ምላሷ እንደ ቢላ የተሳለ። ደራሲ የፈጠራት መሆኗን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይረሳዋል። አሁን ታሪኳ ወደ ቴሌቪዥን ሊመጣ ነው፤ ቅዳሜ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ከዋና ከተማዋ ከአክራ የመጣው የፊልም ድርጅት በዚያች ምሽት ተከታትለው የሚተላለፉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በአገሩ ሁሉ ለስድስት ሃያስያን ብቻ አሳይቶ፣ ስርጭቱ ሳያበቃ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ አስፈረማቸው። ከኩማሲ ያየው አምፖንሳ ብቻ ነው፤ በየጠዋቱ ከቤቱ በስልክ ሬዲዮ ላይ ገብቶ ስለ ድራማ የሚያወራው አምፖንሳ።

ከተማው በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ አጣ። ጥሩ ቢሆን ኖሮ ለምን ይደብቁታል የሚለው ወሬ ከዓሣ ተራ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረሰ። ሰዎች በየጠዋቱ እየደወሉ ለመኑት። ድምጿ ያው ነው ወይ፣ አሁንም ታነክሳለች ወይ፣ አበላሽተዋታል ወይ። እሱ እየሳቀ «ቅዳሜ» ይላል፣ ስልኩን ይዘጋል። ማክሰኞ ዕለት የማሜ ቶአ አድማጮች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ጡረተኛው መምህር ኛርኮ ደወሉና ከተማው ሁሉ እየሰማ «ካልተናገርክ ቤትህ መጥቼ አፍህን እከፍትልሃለሁ» አሉት። ዓርብ ጠዋት አምፖንሳ ሬዲዮው ላይ ሳይቀርብ ሲቀር ተናደው ቤቱ ሄዱ፤ የተደፋውን ጭንቅላት ቀና አደረጉ፣ እጃቸው ደም ነካ። ታሪካቸው ይህ ብቻ ነው፣ ማንም ግን አላመናቸውም።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ኛርኮን ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ትልቁ እስር ቤት እንደሚልካቸው ቁርጡን ተናገረ። ሽማግሌው ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው የታመመ ነው። ሚስታቸው የመድኃኒት ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልለው ከጣቢያው በር አልነቃነቅ አሉ። ሴርዋ ስትወጣ ቀሚሷን ያዙ።

«ልጄ፣ እዚያ ከሄደ በሬሳ ነው የሚመለስልኝ።»

«እስከ ነገ አሥር ሰዓት ድረስ አለልኝ እማዬ» አለች ሴርዋ። ባዶ ተስፋ መስጠት አትወድም።

ሐኪሙ አምፖንሳ የሞተው ሐሙስ ወደ አሥር ሰዓት ተኩል ግድም ነው ብሏል። በዚያ ሰዓት የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ለእራት የሚሆን ፉፉ ይወቅጣሉ። በየግቢው ዘነዘና ከሙቀጫ ጋር ሲጋጭ አንድ ተጨማሪ ምት ማን ይሰማል? የአምፖንሳ ግቢ ዘነዘና ከግድግዳው ጋር ቆሞ ነበር። ሴርዋ አየችው፣ አሸተተችው። ዘነዘና ሲታጠብ ሥሩ ብቻ ነው የሚታጠበው። ይህ እስከ አናቱ ድረስ ታጥቧል።

«ሳጅን፣ ሚስትህ ዘነዘና እስከ እጀታው ታጥባለች?»

ሳጅን አንትዊ አሰበ። «እኔ ነኝ የማጥበው፣ ማዳም።»

«እስከ እጀታው?»

«ምን በወጣኝ።»

ከአምፖንሳ በር እስከ መጸዳጃው በወገብ ቁመት ገመድ ተወጥሯል። ልብስ የለበትም፣ መቆንጠጫም የለበትም። ሴርዋ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ላዩ ብዙ ጊዜ በእጅ እንደተያዘ ለስልሶ ያብለጨልጫል። ዝም ብላ ወደ ክፍሉ ገባች። አልጋው ሥር ሦስት ባዶ የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ሁለት ዓመት ያለፈው ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የድርጅቱን ሰው ታንዶን ነው። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ከሬሳው ይልቅ የሬሳው ታብሌት ያስጨነቀው ሰው ነው። ሦስቱ ክፍሎች ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። ሐሙስ የት ነበርክ ስትለው እንግዳ ማረፊያ ነበርኩ አለ። ጫማህ ላይ ያለው ቀይ አፈር የዚህ ግቢ አይደለም ወይ ስትለው ደግሞ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ታብሌቱን ሊወስድ መጥቶ፣ አንኳኩቶ፣ መልስ ሲያጣ መሄዱን አመነ።

«ለምን ደበቅኸኝ?»

«ሃያሲያችን ሞተ፣ የድርጅቱ ሰውም በሩ ላይ ነበረ ቢባል ቅዳሜ ምን ይውጠናል?»

«ቅዳሜ፣ ቅዳሜ። ሰውየው ለቅዳሜ አልደረሰም እኮ።»

ታብሌቱ መቼ ምን እንደታየበት ይመዘግባል። ሁሉም የታየው እሑድ ከሰዓት ነው፤ ሦስተኛው ክፍል ሁለት ጊዜ። ሴርዋ ሳጅኑን ወደ ውጭ አስወጥታ መቅጃውን ከፈተች። የአምፖንሳ ድምፅ ቅዳሜ ማታ ሊያሰማው ያዘጋጀውን ሂስ ያነበንብ ጀመር።

«የማሜ ቶአ ቀሚስ ትከሻው ላይ በእጅ ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ተገልብጦ፣ ክሩ ከጨርቁ አንድ ደረጃ የደመቀ ነው። ልብሷን ራሷ እንደጠገነች ማንም ሳይነግረን እናያለን።»

ቀጥሎ ያለውን ስትሰማ ታንዶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ ለማንም እንዳትነግር ለመናት። ሴርዋ መቅጃውን ዘግታ ኪሷ ከተተችው። ሰምታ ያልተገረመችበት ነገር አልነበረም፤ ከሁሉም በላይ የገረማት ግን ስፌቱ ነው።

ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤቱ ሰፊዋ ፖክዋ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ብቸኛ፣ ረጅም ጣት ያላት ሴት። የማኅበሩን ሴቶች የቅዳሜ ልብስ እሷ ነው የምትሰፋው፤ ለአሥራ ሁለት ሴት አሥራ ሁለት ነጭ ቀሚስ። ሰፈሩ ስለ እሷና ስለ አምፖንሳ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ወጥ የምታቀብለው መሆኗን ነው።

«አንቲ ፖክዋ፣ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? እዚሁ ማሽኔ ላይ። ነጩን እየሰፋሁ። ቅዳሜ ደርሶብኛል።»

«ምንም አልሰሙም?»

«ማሽኑ ይጮሃል፣ ሰፈሩ ይወቅጣል። ምን ልሰማ?»

«ያ ገመድ የምንድን ነው?»

«የልብስ ማስጫ።»

«በወገብ ቁመት? እዚያ የተሰጣ ልብስ እኮ አፈር ይጠርጋል።»

ፖክዋ ትከሻዋን ሰበቀች። ወንድ ያሰረው ገመድ እንዲህ ነው አለች። ሴርዋ ፈገግ አለችላት፣ ዓይኗ ግን ወለሉ ላይ ነበር። ወለሉ ላይ የቀይና የሰማያዊ ጨርቅ ቁራጭ አለ፤ የነጭ አንድም የለም። ማሽኑ ላይ የተጠመጠመው ክር ጥቁር ነው። የፖክዋ ዓይን ደግሞ አብጧል፤ ጎረቤት ሞቶ በተገኘበት ቀን ያበጠ ዓይን ነውር የለውም። ግን ያ እብጠት የአንድ ጠዋት ልቅሶ አልመሰላትም። ከሰነበተ ልቅሶ የመጣ ነው።

ሴርዋ ሌሊቱን አላሰበችበትም፤ ተኛች። ማሰብ የሚጠቅመው ለተኛ ሰው ነው የምትል ሴት ናት። ቅዳሜ በጠዋት ተነስታ ንቶንሶ ሄደች፤ ነጭ ጨርቅ ወደ ሐዘን ልብስ የሚለወጥበት ሰፈር። ነካሪዋ ናና አፍራ እጇ እስከ አንጓዋ የጠቆረ አሮጊት ናት፤ የዛፍ ልጥ በበርሜል እያፈላች ነበር። ከኋላዋ ባለው ገመድ ላይ ጨርቅ ተሰጥቷል። ሴርዋ ቆጠረች። አሥራ ሁለቱ የጠቆሩ ናቸው። አንዱ ገና ፈዛዛ ቡኒ ነው።

«የማን ናቸው እናቴ?»

«የባንታማዋ ሰፊ። አሥራ ሁለቱን ሰኞ አመጣቻቸው፤ ነጭ ናቸው፣ ያልተሰፉ። ማን ሞተባችሁ ብላት ‹ትልቅ ሰው› አለችኝ። እያለቀሰች ነው የመጣችው፤ እኔም ሌላ አልጠየቅሁ። ሐዘንተኛ ማስለፍለፍ ያስጠላኛል።»

«ይህ አንዱስ?»

«እሱ የትናንት ነው። ትናንት ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና እሳት ሳልለኩስ። በአሥራ ሁለቱ ውስጥ የአንቺም አለበት አይደል አልኳት። ‹ይኼ ለሌላ ሰው ነው› አለችኝ።» አሮጊቷ ጨርቁን በአገጯ ጠቆመች። «እንዲህ ዓይነት ጨርቅ ሦስት ጊዜ ካልተነከረ ቀለሙ ይለቃል። አንዴ ነው የነከርኩት። እንዳትወስጂብኝ።»

ሴርዋ አልወሰደችም። ሰዓቷን አይታ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በአምፖንሳ ግቢ ተሰበሰቡ። የማኅበሩ ሴቶች በርጩማ ይዘው ተደረደሩ፤ ፖክዋ ከመካከላቸው ናት። ታንዶ በሩ ላይ ተለጥፎ ቆመ። ኛርኮ በካቴና መጡ፤ ሚስታቸው ብልቃጧን ይዘው ከጎናቸው ቁጭ አሉ። አዛዡ ሰዓቱን እያየ በጥፍሩ የቀበቶውን ብረት ይመታል።

ሴርዋ መሃል ገባች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አንድ ሳምንት ሙሉ የተጨነቃችሁበትን ልንገራችሁ። በሦስተኛው ክፍል ማሜ ቶአ ትሞታለች።»

ታንዶ «ማዳም» ብሎ ጀመረ፣ የሰማው ግን የለም። ሴቶቹ እሪ አሉ። አንዷ ከበርጩማዋ ወደቀች። ኛርኮ በካቴናው እጅ ደረታቸውን ያዙ፤ ሚስታቸው ብልቃጧን ከፈቱ። ሳጅን አንትዊ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ። ከሁሉም መሃል አንዲት ሴት ብቻ እጇን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ቁጭ ብላለች። ሴርዋ የምታየው እሷን ነበር።

«እርስዎ አልደነገጡም፣ አንቲ ፖክዋ።»

ሴቶቹ ዞረው ፖክዋን አዩ።

«ደንግጬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አይደለም። እርስዎ የደነገጡት እሑድ ነው።» ሴርዋ ወደ ገመዱ ሄዳ እጇን ጫነችበት። «ይህ የልብስ ማስጫ አይደለም። አምፖንሳ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ይህን ገመድ ይዞ ነው ሽንት ቤት የሚሄደው። የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ከሁለት ዓመት በፊት ቆሟል፤ ማየት ያቆመውም ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ሬዲዮ ጣቢያው ቢያውቅ ዕውር የድራማ ሃያሲ ብሎ ያባርረዋል። ስለዚህ ደበቀ። ታዲያ ያላየውን ማን አየለት?»

መቅጃውን ከፈተች። ድምፁ ስለ ትከሻው ስፌት፣ ስለ ክሩ ድምቀት ተናገረ። ሴቶቹ አንዷ ሌላዋን አየች።

«ዓይን ያለው ወንድ እንኳ የተገለበጠ ስፌት አያይም» አለች ሴርዋ። «ክሩ ከጨርቁ አንድ ደረጃ እንደሚደምቅ የምታየው ሰፊ ናት። እሑድ ከሰዓት አጠገቡ ተቀምጠው ያዩለት፣ ያወሩለት እርስዎ ነዎት። ሦስተኛውን ክፍል ሁለት ጊዜ አያችሁ። ሁለተኛውን ጊዜ የፈለጉት እርስዎ ይሆናሉ፤ ዓይንዎን ማመን አቅቶዎት።»

ፖክዋ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቷ ታጥፍ ጀመር።

«ሐሙስ ነጩን እየሰፋሁ ነበር አሉኝ። ወለልዎ ላይ የነጭ ቁራጭ የለም፣ ማሽንዎ ላይ ጥቁር ክር ነው የተጠመጠመው። አሥራ ሁለቱ ነጭ ጨርቆች ከሰኞ ጀምሮ ናና አፍራ ግቢ ናቸው። አዛዡ ይህን ብቻ ቢሰማ ግድያው ከሰኞ ጀምሮ ታስቦበታል ይል ነበር። እኔም አንድ ሰዓት ያህል እንደሱ አሰብኩ። ግን ለአንድ ሃያሲ ሞት የአሥራ ሁለት ሴት የሐዘን ልብስ ማንም አያስነክርም። ያ ሐዘን የማሜ ቶአ ነበር። ዛሬ ማታ ነጭ ለብሳችሁ ለደስታ ስትቀመጡ፣ አንቲ ፖክዋ ብቻ ቀብር መሆኑን ያውቃሉ። አላስችል አላቸው።»

አንዷ ሴት «እና ሳትነግሪን» አለች በቀስታ። ፖክዋ ቀና ብላ አየቻት፣ መልሳ አቀረቀረች።

«በዚህ ብቻ ማንም ነፍሰ ገዳይ አይባልም» ቀጠለች ሴርዋ። «ናና አፍራ ገመድ ላይ ግን አሥራ ሦስተኛ ጨርቅ ነበር። ትናንት ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ለሌላ ሰው ነው ተባለ። ቲቸር ኛርኮ ይህን በር የከፈቱት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት አምፖንሳ መሞቱን የሚያውቅ የገደለው ሰው ብቻ ነው። ከንጋት ጀምሮ አዘኑለት፣ አንቲ ፖክዋ። ያሳዘነኝም፣ ያስያዘዎትም እሱ ነው።»

ፖክዋ ረጅም ጣቶቿን አንድ በአንድ እያየች ተናገረች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት። ዓርብ ጠዋት በሬዲዮ ‹አሮጊቶችና በሽተኞች ብቻችሁን አትዩት› በል አልኩት። ፈርሜያለሁ አለኝ። ከተናገርኩ ሌላ አይልኩልኝም፣ ማን እንዳየልኝም ይጠይቃሉ አለ። እሺ አልኩ፣ ዓይኑን አውቃለሁ፤ ሰው ነው፣ ይፈራል። ከዚያ መቅጃውን ከፍቶ የቀዳውን ሂስ ያሰማኝ ጀመር። ያ የማሜ ቶአ ሞት ከሁሉም ያማረው ነው አለ፤ እየሳቀ። ተው አልኩት። ‹ጨርቅና መብራት ነው፣ ፖክዋ። ያልኖረች ሴት አትሞትም› አለኝ።»

ወደ ማኅበሩ ሴቶች ዞረች።

«ልጄ አጎዋ ሰባት ወር አልጋ ላይ ነበረች። ሕመሙ ሲያንቀጠቅጣት የምትተኛው ያንን ድምፅ ስትሰማ ብቻ ነው። ያለቀችውም እየሰማች ነው። ያልኖረች ናት ካላችሁ ልጄን ማን አስተኛልኝ? ዘነዘናው በር ላይ ነበር። አንዴ ነው። አንዴ ብቻ። ከዚያ እስከ አናቱ አጠብኩት።»

አዛዡ ካቴናውን ከኛርኮ እጅ ፈታ። ሚስታቸው የባላቸውን እጅ ይዘው ያሻሹ ጀመር። ሽማግሌው ነፃ እንደወጡ የገባቸው አይመስሉም ነበር፤ ዘወር ብለው ታንዶን አዩት።

«እውነት ትሞታለች?»

«አዎ ቲቸር» አለ ታንዶ። ከዚያም አፉን መያዝ ያልቻለ ሰው ሆኖ «ግን ጥሩ ነው። እውነቴን ነው፣ በጣም ጥሩ ሆኗል። መጥፎ ስለሆነ አይደለም የደበቅነው» ብሎ ጨመረ።

ስለ አምፖንሳ አንድም ሰው አልጠየቀም። ሴርዋ ይህን ልብ አለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ለሞተው ሰው ያዘነች የገደለችው ብቻ ነበረች።

ፖክዋ ወደ መኪናው ስትወሰድ በሩ ላይ ቆመች።

«ኢንስፔክተር፣ ያ አሥራ ሦስተኛው ሁለት ንክር ይቀረዋል። እንዲሁ ካነሱት ቀለሙ ይለቃል።»

ሴርዋ የመኪናውን በር ከፈተችላት።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ከተማው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። የኛርኮ ሚስት የቤታቸውን ቴሌቪዥን በጨርቅ ሸፍነው ለባላቸው ሾርባ ሰጡ። በማግስቱ ሴርዋና ሳጅን አንትዊ ንቶንሶ ሄዱ። ናና አፍራ ጨርቁን ከበርሜሉ አውጥታ ስትጨምቀው ውሃው እግሯ ላይ ጠቁሮ ፈሰሰ። ሁለተኛው ንክር ነበር። ሳጅኑ የማስረጃ ከረጢቱን ከፍቶ ተጠጋ።

«ማዳም፣ ማስረጃ ነው እኮ። እንውሰደው።»

«ማስረጃነቱ አይለቅም» አለች ሴርዋ። «አንድ ይቀረዋል።»

ከበርሜሉ አጠገብ ያለችውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ጨርቁ ፀሐይ ላይ ወጣ። እስኪደርቅ ድረስ ጠበቀች።